ዋሽንግተን የለቀቀውና ያልለቀቀው

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በተካሄደ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከመድረክ እንደተነገረው የቀረበ።

እንደምን አመሻችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቤት ሳትደርሱ በቀጥታ ወደዚህ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የሌሊት ፈረቃ የሚጠብቃችሁ እንዳላችሁ አዘጋጆቹ ነግረውኛል፤ ሰዓት አልሻማባችሁም።

በጥያቄ ልጀምር። ከዚህ ወጥታችሁ የፖቶማክን ወንዝ ዳር ይዛችሁ ወደ ደቡብ ብትነዱ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ በሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ማውንት ቨርነን ትደርሳላችሁ። ስንቶቻችሁ ሄዳችኋል? እስቲ እጅ እንይ። ብዙ ናችሁ። አብዛኞቻችሁ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባችሁ ነው የሄዳችሁት፣ አይደል? (ሳቅ) ቤቱን አይታችኋል፣ ወንዙን አይታችኋል፣ ፎቶ ተነስታችኋል።

ዛሬ የቤቱን ጌታ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንን፣ በአንድ ነገር ብቻ እንድንመዝነው ነው የምጠይቃችሁ፤ በመልቀቅ። ይህ ሰው ሦስት ጊዜ ትልቅ ነገር ለቋል። ሠራዊት ለቋል። መንግሥት ለቋል። በመጨረሻም በኑዛዜው ሰዎችን ለቋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሳምሮ ለቀቀ። ሦስተኛውን አዘገየው፣ አጋመሰው፣ ከፊሉም ከእጁ ውጭ ሆኖ ቀረ። ለምን? የምሽቱ ጉዳያችን ይህ ነው። የምጠራቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። “እሱ” እያልኩ የማወራውም ስለ ንቀት አይደለም፤ ምክንያቱን ወደኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

ወደ መልቀቁ ከመግባቴ በፊት ስለ ወረቀት አንዲት ነገር ልበል። ዋሽንግተን በ1732 ተወለደ፤ አባቱ ሲሞት 11 ዓመቱ ነበር፤ በ17 ዓመቱ የመሬት ቀያሽ ሆኖ ተሾመ። በ1754፣ በ22 ዓመቱ፣ የቨርጂኒያን ወታደሮች እየመራ በምዕራብ ጫካ ከፈረንሳዮች ጋር ተዋጋና ጁላይ 3 ሌሊት ተሸንፎ እጅ ሰጠ። ዝናብ ይወርዳል፣ የእጅ መስጫው ውል በፈረንሳይኛ ነው፣ እሱ ፈረንሳይኛ አያውቅም። የሆላንድ ተወላጅ የሆነ አንድ መኮንኑ በሻማ ብርሃን እያነበበ ተረጎመለትና ፈረመ። ወረቀቱ ላይ ግን ከሳምንታት በፊት በተደረገ ግጭት የሞተው ፈረንሳዊ መኮንን “በግፍ ተገደለ” የሚል ቃል ነበረበት። ፈረንሳዮች ወረቀቱን አሳትመው “ነፍሰ ገዳይነቱን በፊርማው አመነ” አሉ። የተተረጎመ ውል ምን እንደሚያመጣ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። (ሳቅ) እኔ እንደምፈርደው ግን ሰውየው ከዚያ ወዲህ የፈረመውን ሁሉ ራሱ አገላብጦ ማንበብ የጀመረው ከዚያ ሌሊት ነው። ኑዛዜው ጋ ስንደርስ ይህን አስታውሱልኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልቀቅ። በጁን 1775 ኮንግረሱ የጦር አዛዥነት የሹመት ወረቀት ሰጠው። በወር የተቆረጠለትን 500 ዶላር ደመወዝ አልቀበልም፣ ወጪዬን ብቻ መዝግቤ እጠይቃለሁ አለ። ለአሜሪካ ነጻነት ከእንግሊዝ ጋር ስምንት ዓመት ተዋጋ። በኦክቶበር 1781 ዮርክታውን ላይ እንግሊዞች እጅ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው አስፈሪው። ጦርነቱ ቆሟል፣ መኮንኖቹ ደመወዛቸው አልተከፈለም፣ ኮንግረሱ ካዝናው ባዶ ነው። በማርች 1783 ኒውበርግ በሚባለው ሰፈር ስም የሌለው ደብዳቤ ተበተነ፤ መሣሪያችንን ሳንፈታ ኮንግረሱን እናስፈራራው የሚል። ዋሽንግተን ማርች 15 ቀን ሳይጠበቅ ስብሰባቸው ላይ ገባ። ንግግር አደረገ፣ ፊታቸው አልተፈታም። ከአንድ የኮንግረስ አባል የመጣ ደብዳቤ ሊያነብላቸው አወጣና ፊደሉ አልታይ አለው። ኪሱን ዳብሶ መነጽር አወጣ። መኮንኖቹ መነጽር አድርጎ አይተውት አያውቁም። እናንተን ሳገለግል ጸጉሬ ሸበተ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔ ሊጠፋ ነው አላቸው። ሰዎቹ አለቀሱ፤ አድማውም እዚያው ከሸፈ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን፣ እዚሁ ጎረቤታችን ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ፣ ሹመቱን መለሰ። ሥርዓቱን ያወጣው ቶማስ ጀፈርሰን ያለበት ኮሚቴ ነው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የኮንግረሱ አባላት ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ይቀመጣሉ። ጄኔራሉ ገብቶ ቆሞ እጅ ይነሳል። እነሱ ባርኔጣቸውን ብድግ ያደርጋሉ እንጂ አጎንብሰው እጅ አይነሱም። በአዳራሹ የነበሩት የኮንግረስ አባላት ሃያ ያህል ብቻ ናቸው፤ ገንዘብ የላቸውም፣ ጦር የላቸውም። ያም ሆኖ የሚቀመጡት እነሱ፣ የሚቆመው የጦር አበጋዙ። ንግግሩን ሲያነብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የ1775ቱን የሹመት ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ አስረከበ። በማግስቱ፣ በገና ዋዜማ፣ ቤቱ ነበር። አንድ ወረቀት ተቀበለ፣ ያንኑ ወረቀት መለሰ፤ ያማረበትም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው መልቀቅ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ሥልጣን የሚለቀቀው የመጨረሻው ቀን ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ነው። ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ኒውዮርክ ላይ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ሕገ መንግሥቱ ስለ ፕሬዚዳንት የሚለው ጥቂት ገጽ አይሞላም። የቀረውን በሥራ ነው ያወቁት። መጀመሪያ የተከራከሩበት ነገር ምን ይመስላችኋል? ማዕረግ ነው! ምን ብለን እንጥራው? ምክትሉ ጆን አዳምስ “ፕሬዚዳንት እኮ የእሳት አደጋ ማኅበርም፣ የክሪኬት ቡድንም አለው” ብሎ ተሟገተ። የሴኔቱ ኮሚቴ ያቀረበው ማዕረግ “ልዑልነታቸው፣ የተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ፕሬዚዳንትና የነጻነታቸው ጠባቂ” የሚል ነበር። እንዴት ነው፣ ጆሯችሁን አልኮረኮረውም? (ሳቅ) የተወካዮች ምክር ቤት እምቢ አለ፤ “ፕሬዚዳንት” በቃ አለ። እኔም “እሱ” ያልኩት በምክር ቤቱ ውሳኔ ነው።

ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ ይኸኛው ሲበላሽ የጸና ልማድ ነው። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ውል የሚዋዋለው በሴኔቱ “ምክርና ስምምነት” ነው ይላል። ዋሽንግተን ቃሉን እንደተጻፈው ወሰደውና ኦገስት 22 ቀን 1789፣ ቅዳሜ፣ የጦር ሚኒስትሩን ኖክስን አስከትሎ ሴኔቱ ውስጥ ገባ። ጉዳዩ ከደቡብ ነባር ሕዝቦች ጋር የሚደረግ ውል ነው፤ አዎ ወይም አይደለም የሚባልባቸው ሰባት ጥያቄዎች ይዟል። አዳምስ ማንበብ ጀመረ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከታች ሠረገላ ይንኳኳል፣ ማንም አልሰማም። መስኮት ተዘጋ፣ እንደገና ተነበበ። ከዚያ አንዱ ሴናተር ተነስቶ ወረቀቱ ለኮሚቴ ይመራልን አለ። ዋሽንግተን ብድግ ብሎ “ይህማ የመጣሁበትን ጉዳይ ሁሉ ያፈርሳል!” አለ። በማግስቱ ሰኞ ተመልሶ መጣ፣ ጉዳዩን ጨረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ምክር ሊጠይቅ በእግሩ አልሄደም። ዛሬ ፕሬዚዳንቶች ውሉን ጨርሰው የሚልኩት፣ ሴኔቱም “ምክር”ን ትቶ “ስምምነት”ን ብቻ የያዘው ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ነው። ይቅርታ፣ በማግስቱ ሰኞ አልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ማለቴ ነው። (ሳቅ)

ወደ መልቀቁ ልመለስ። በ1792 ሊለቅ አስቦ ጄምስ ማዲሰንን የስንብት ጽሑፍ አስረቀቀ። ሚኒስትሮቹ ሃሚልተንና ጀፈርሰን፣ በሌላው ሁሉ እንደ ድመትና አይጥ የነበሩት፣ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ አትልቀቅ። ቆየ። በ1796 የማዲሰንን ረቂቅ ከሳጥን አውጥቶ ለሃሚልተን ሰጠው። ሃሚልተን አዲስ አድርጎ ጻፈው፣ ዋሽንግተን ቆረጠው፣ አረመው፣ በእጁ ገለበጠው። “የስንብት ንግግር” እንላለን እንጂ ንግግር አልነበረም፤ አንድም ቀን ቆሞ አላነበበውም። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1796 የፊላደልፊያ ጋዜጣ ላይ ታተመ፤ ያኑ ዕለት እሱ ሠረገላውን አስነስቶ ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ዋሽንግተን ከሁለት ዘመን በላይ መግዛት አይገባም ብሎ አዘዘ ይባላል። ጽሑፉን አንብቡት፤ የለም። ደክሞኛል፣ አርጅቻለሁ፣ አገሪቱም አሁን ትችላለች ነው የሚለው። ሕግ ያደረጉት ተከታዮቹ ናቸው፤ ያውም በልማድ። በ1940 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ልማዱን ጥሶ ሦስተኛ፣ በኋላም አራተኛ ጊዜ ተመረጠ። በወረቀት የጸናው በ1951 በ22ኛው ማሻሻያ ነው። ስለዚህ ልማድ 150 ዓመት ያህል ሊይዝ ይችላል፤ ግን አንድ ሰው ሊሰብረው ይችላል።

ማርች 4 ቀን 1797 አዳምስ ቃለ መሐላ ፈጸመ። አዳምስ ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ የዋሽንግተን ፊት እንደ ዕለቱ ብሩህ ነበር፤ “እኔ ወጣሁ፣ አንተ ገባህ፤ ማን እንደሚደሰት እናያለን!” የሚለኝ መሰለኝ ይላል። ከአዳራሹ ሲወጡ አዲሱ ምክትል ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ቅደም ቢለው አልቀድምም አለ፤ ከኋላ ወጣ። ከመኳንንቱ ሁሉ ፊት ሲሄድ የኖረ ሰው!

አሁን ወደ እርሻው እንሂድ፤ ሦስተኛው መልቀቅ ያለው እዚያ ነው። ማውንት ቨርነን ሲሞት 8,000 ኤከር ገደማ፣ በአምስት እርሻ የተከፈለ ነበር። ዋሽንግተን ትንባሆ መሬቱን እንደሚያደክም፣ ገበያውም በእንግሊዝ ነጋዴ እጅ እንደሆነ አይቶ በ1760ዎቹ ወደ ስንዴ ዞረ። የስንዴን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አውድማ ይፈልጋል። እዚያም በውጭ፣ አፈር ላይ፣ በፈረስ ነበር የሚያበራዩት። ዝናብ ያበላሸዋል፣ አፈር ይቀላቀልበታል፣ ይሰረቃል። ምን አደረገ? አሥራ ስድስት ጎን ያለው፣ ክብ የሚመስል ባለ ሁለት ፎቅ ጎተራ ነደፈ። ስንዴው ላይኛው ወለል ላይ ይነሰነሳል፣ ፈረሶቹ በመወጣጫ ገብተው እየዞሩ ይረግጡታል፣ በወለሉ ጣውላዎች መካከል አራት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ክፍተት አለ፣ ፍሬው በዚያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭዱ ላይ ይቀራል። ክፍተቱ ቢሰፋ ጭዱ አብሮ ይወርዳል፣ ቢጠብ ፍሬው ይታፈናል። ከ30,000 በላይ የሆነውን ጡብ ራሱ ቆጥሮ ነው ያዘዘው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በሌላው እርሻው እህል የሚወቃበት ጥሩ የጡብ ጎተራ አሠርቶ ሲመለስ ምን አገኘ? ከጎተራው በር አጠገብ፣ ሜዳ ላይ፣ እንደ ድሮው አውድማ! እንዴት እንደተናደደ በደብዳቤው አለ።

ስለ በቅሎም ሳልናገር አላልፍም። “በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች” እንላለን፤ የአሜሪካ በቅሎ ግን አባቷን በኩራት ትጠራለች፤ አባቷ የንጉሥ ስጦታ ነው! ጥሩ በቅሎ እንዲወለድ ትልቅ አውራ አህያ ያስፈልጋል፤ ስፔን ደግሞ አውራ አህዮቿን ያለ ንጉሡ ፈቃድ አታስወጣም። በ1785 ንጉሥ ካርሎስ ሦስተኛ የላኩለት አህያ ደረሰ፤ ስሙንም “ሮያል ጊፍት” አለው፤ የንጉሥ ስጦታ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ያ አህያ ለባዝራዎቹ ዞር ብሎ አላይ አለ፤ ዋሽንግተን በደብዳቤው ቀልዶበታል። በኋላ ለመደ። ዋሽንግተን ሲሞት ከ50 በላይ በቅሎዎች ነበሩት። ከፈረስ ያነሰ ትበላለች፣ ረዥም ዕድሜ ትሠራለች፤ ሒሳቡ ይኸው ነው።

ግን ጎተራውን የሠራው፣ በቅሎውን የጠመደው፣ ስንዴውን የወቃው ማን ነው? በ1799 እዚያ እርሻ ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ዋሽንግተን የመጀመሪያዎቹን አሥር የወረሰው በ11 ዓመቱ ነው። ስለ እንጨት ጥርሱ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እንጨት አልነበረም፤ የጉማሬ ጥርስ፣ እርሳስ፣ የሰው ጥርስም ነበረበት። በ1784 የሒሳብ መዝገቡ ላይ ለጥርስ ሐኪሙ ጉዳይ ለጥቁሮች ዘጠኝ ጥርስ የተከፈለ የሚል አለ። የጥርሱ ባለቤቶች እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ወይ? እናንተው መልሱት።

ፊላደልፊያ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ የፔንሲልቬኒያ ሕግ ከውጭ የመጣ ጌታ ባሪያውን ስድስት ወር በተከታታይ ካኖረ ባሪያው ነጻ ይወጣል ይል ነበር። የኮንግረስ አባላት ከሕጉ ነጻ ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ግን አልተጠቀሰም። በ1791 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ራንዶልፍ መጥቶ የእኔዎቹ ነጻ ነን ብለው ሄዱብኝ፣ ተጠንቀቁ አለ። የአገሪቱ ዐቃቤ ሕግ! ዋሽንግተን ለጸሐፊው ጻፈ፦ ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ቨርጂኒያ መልሷቸው፣ ሰበቡም እነሱንም ሕዝቡንም የሚያታልል ይሁን። ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ አንድ ቀን ማደር እንኳ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል ብለው ነበር። በ1788 የተሻሻለው ሕግ ይህንኑ ማዘዋወር ይከለክላል፤ እሱ ግን አደረገው።

ኦና ጀጅ የምትባል የማርታ ዋሽንግተን የእልፍኝ ሴት ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ። ለማርታ የልጅ ልጅ እንደምትሰጥ ሰማች። ሜይ 21 ቀን 1796 ጌቶቿ ማዕድ ላይ ሳሉ በበሩ ወጣች። በመርከብ ፖርትስማውዝ፣ ኒው ሀምፕሻየር ገባች። ዋሽንግተን የጉምሩክ ሹሙን አስልኮ አስፈለጋት። እሷም እናንተ ስትሞቱ ነጻ የምታወጡኝ ከሆነ እመለሳለሁ አለች። በኖቬምበር የጻፈው መልስ፦ ታማኝነትን ላጓደለ ሽልማት አልሰጥም። አስቡት! የስንብት ጽሑፉ የታተመው በሴፕቴምበር። በሁለት ወር ውስጥ አገር የሚያህል ለቀቀ፣ አንዲት ሴት አልለቅም አለ። በስተርጅናዋ ጋዜጠኛ መጥቶ፣ ከዚያ ቤት ከወጣሽ ወዲህ ሥራሽ ከበድ ብሏልና አልጸጸተሽም ወይ አላት። የለም፣ ነጻ ነኝ አለችው።

እንግዲህ ኑዛዜው። ጁላይ 9 ቀን 1799፣ 29 ገጽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ የጻፈው፤ ከአንድ ገጽ በቀር እያንዳንዱን ገጽ የፈረመበት። ጠበቃ አልጠራም። የ1754ቱን ሌሊት አስታውሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የእሱ የሆኑት ከ120 የሚበልጡ ሰዎች ማርታ ስትሞት ነጻ ይውጡ አለ። አዛውንትና ሕመምተኛ ከውርሱ ይጦሩ። ወላጅ የሌላቸው ልጆች ማንበብ፣ መጻፍና ሙያ ይማሩ፤ እስከ 25 ዓመታቸው። ማንም ከቨርጂኒያ ውጭ አይሸጥ። በጦርነቱ ሁሉ ከጎኑ ያልተለየው፣ ሁለቱም ጉልበቶቹ የተሰበሩበት ዊልያም ሊ ወዲያው ነጻ ይሁን፤ በዓመት 30 ዶላር ይቆረጥለት።

ጥሩ ኑዛዜ ነው። ታዲያ ምኑ ላይ ተበላሸ? 153ቱ የእሱ አልነበሩም። ማርታ ከእሱ በፊት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የመጀመሪያ ባሏ ዳንኤል ከስቲስ በ1757 ሳይናዘዝ ሞተ። ሳይናዘዝ! በቨርጂኒያ ሕግ መበለቲቱ ከንብረቱ፣ ከሰዎቹም ጭምር፣ የሲሶው የአላባ መብት ብቻ ይኖራታል፤ በሕይወት እስካለች ትጠቀምበታለች፣ መሸጥም ነጻ ማውጣትም አትችልም፣ ስትሞት ለከስቲስ ወራሾች ይመለሳል። ልጅ ደግሞ የእናቱን ዕጣ ይከተላል። ስለዚህ አባት የዋሽንግተን፣ እናት የከስቲስ ከሆነች ልጆቹ ሁሉ የከስቲስ ናቸው። አርባ ዓመት ሁለቱ ወገኖች ተጋቡ፣ ወለዱ። የዊልያም ወንድም ፍራንክ ሊ የዋሽንግተን ነው፤ ሚስቱ ወጥ ቤቷ ሉሲ የከስቲስ። በኑዛዜው ፍራንክ ነጻ ይወጣል፣ ሉሲና ልጆቿ ይቀራሉ። ኦና ጀጅም የከስቲስ ነበረች፤ ተመልሳ ቢሆን ኖሮ ኑዛዜው አይደርስላትም ነበር።

ዋሽንግተን ይህን አያውቅም? አሳምሮ ያውቃል፤ ኑዛዜው ላይ ጽፎታል። ነጻነቱን እስከ ማርታ ሞት ያዘገየሁት ቤተሰብ ሲለያይ ከሚመጣው ሐዘን የተነሳ ነው ይላል። ግን አስቡት፤ ማዘግየቱ መለያየቱን አያስቀርም፤ እሷ ስትሞት የከስቲሶቹ ለወራሽ ይከፋፈላሉ። የሚያስቀረው አንድ መንገድ ወራሾቹን ከፍሎ መግዛት ነበር። በ1790ዎቹ የምዕራብ መሬቱን ሸጦ፣ አራቱን እርሻ ለእንግሊዝ ገበሬዎች አከራይቶ ገንዘብ ሊያገኝ ሞከረ፤ በሚፈልገው ዋጋ የሚወስድ አልተገኘም። ይኸንን ሙከራ የጀመረው ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ቨርጂኒያ ግን ባሪያን ያለ መንግሥት ፈቃድ ነጻ ማውጣት የፈቀደችው በ1782 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! ለሠራዊቱ ቀን ቆርጦ ነበር፤ ለፕሬዚዳንትነቱ ቀን ቆርጦ ነበር፤ ለዚህ ግን ቀኑን ለሞት ተወው።

ሞቱም አልዘገየም። ዲሴምበር 12 በበረዶና በዝናብ አምስት ሰዓት ያህል በፈረስ ዞረ። በማግስቱ ጉሮሮውን አመመው። ዲሴምበር 14 ሌሊት መተንፈስ አቃተው። መጀመሪያ የእርሻ አለቃው፣ ከዚያ ሐኪሞቹ ክንዱን እየበጡ ደም አፈሰሱ፤ በጠቅላላው ከሁለት ሊትር በላይ። ወጣቱ ሐኪም ጉሮሮውን ከፍተን እናስተንፍሰው አለ፤ ትልልቆቹ አልተቀበሉትም። ዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ ማርታን ሁለት ኑዛዜ አስመጣና አንዱን እሳት ውስጥ አስጨመረ። የቀረው ይህ የነገርኳችሁ ነው። ማታ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ አረፈ።

ኑዛዜው በጋዜጣ ታተመ። አሁን የማርታን ቦታ አስቡ፤ ከ120 በላይ ሰዎች ነጻነታቸው በእሷ ሞት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቡና የሚያፈሉላት፣ እሳት የሚያነዱላት እነሱ ናቸው። የአዳምስ ሚስት አቢጌል፣ ማርታ ነፍሷ በእጃቸው ደኅና እንደሆነ አልተሰማትም ብላ ጽፋለች። ማርታ አልጠበቀችም፤ ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1801 ለቀቀቻቸው። እሷ በሜይ 1802 ሞተች፤ የከስቲሶቹ ለአራት የልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። ከፊሉ ከዚህ አዳራሽ ብዙም ወደማይርቅ ኮረብታ ሄዱ፤ ዛሬ የአርሊንግተን መካነ መቃብር ያለበት ቦታ።

የአዛውንቶቹ ጡረታ ግን ተከፈለ፤ የኑዛዜው አስፈጻሚዎች መዝገብ እስከ 1833 ድረስ ክፍያ ያሳያል። ኑዛዜውም ያለው እዚሁ ነው፤ በፌርፋክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት፤ የትራፊክ ቅጣት ይዘን የምንሄድበት ግቢ! (ሳቅ) ማውንት ቨርነን ስትሄዱ ደግሞ ከዋሽንግተን መቃብር ትንሽ ወረድ በሉ፤ በባርነት የኖሩት የተቀበሩበት ቦታ አለ፤ ስም የተጻፈበት ድንጋይ የለውም።

በሉ፣ ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ስለ አላባው ጉዳይ ያልገባችሁ፣ ማይክሮፎኑ ይዞርላችኋል። ፈረቃ ያላችሁ ቅድሚያ ውሰዱ።